ስምጥ ሸለቆው የደን ወፎቻችንን ምን ያህል ለያይቷል? ከሐዋሳ ተነስቶ ናሙና መሰብሰብ፣ ላብራቶሪና ትንተና

ታቦር_ግርጌ
ሰላም ለመድረኩ። መነሻው ሐዋሳ ነው፣ ሥራው የማስተርስ ጥናት። ጥያቄው፦ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅና በስተምዕራብ ባሉት ደጋ ደኖች የሚኖር አንድ የወፍ ዝርያ በዘረመል ለሁለት ተከፍሏል ወይስ ዛሬም እየተሻገረ ይዋለዳል? ከተከፈለስ መቼ?

ለጊዜው ያለው ዕቅድ ይህን ይመስላል። ዝርያው ደገኛው ነጭ ዓይን፣ ዞስትሮፕስ ፖሊዮጋስትረስ። ከምሥራቅ ወንዶ ገነት 20 ወፍ፣ ከምዕራብ ቦንጋ 20 ወፍ። ደም በአልኮል፣ ከዚያ ሳይቶክሮም ቢ የተባለውን የማይቶኮንድሪያ ጂን ማስነበብ። የተለያዩበትን ዘመን ደግሞ ሸለቆው ከተከፈተበት ዘመን ጋር አያይዞ ማስላት። ፕሮፖዛሉ ገና አልገባም፤ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ሐሩር
ካልሸፈንን እንግዲህ፣ ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም። በዚህ ወገን አንድ ቦታ፣ በዚያ ወገን አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የመጣው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ሊተረጎም አይችልም። ወፎች በቦታ በተራራቁ ቁጥር በዘረመልም ይራራቃሉ፤ መሃል ላይ ሸለቆ ኖረም አልኖረም። ወንዶ ገነትና ቦንጋ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ኤፍኤስቲው (የሁለት ሕዝብ የዘረመል ልዩነት መለኪያ) 0.08 ቢወጣ የሸለቆው ሥራ ነው ወይስ የርቀቱ? መልስ የለህም። ወፉን ወደ 100 ብታሳድገውም ያው ነው፤ የጎደለው ቦታ እንጂ ወፍ አይደለም።

መፍትሔው ሸለቆውን የማይሻገር ጥንድ መጨመር ነው። ከወንዶ ገነት እስከ ሐረና ደን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም በምሥራቅ ወገን ናቸው። ከወንዶ ገነት እስከ ወላይታው ዳሞታ ተራራ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሸለቆውን ያቋርጣል። የቅርቡ ጥንድ ከሩቁ ጥንድ በላይ ተለያይቶ ከተገኘ ያኔ ስለ ሸለቆው አፍህን ሞልተህ ትናገራለህ።

ሁለተኛው የዘመኑ ስሌት ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ መከፈት የጀመረው ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት አስቀድሞ ነው። ይህን መነሻ አድርገህ የሚውቴሽን ፍጥነት ካሰላህ፣ መልሰህም በዚያው ፍጥነት ዘመን ካወጣህ፣ ያስገባኸውን ነው የምታወጣው። ደግሞም ለደን ወፍ እንቅፋቱ የመሬቱ ስንጥቅ አይደለም። እንቅፋቱ ታች ያለው ደረቅ ግራር ነው፤ ግራሩ ደግሞ ከአየር ንብረቱ ጋር ይመጣል ይሄዳል። ከ14,800 እስከ 5,500 ዓመት በፊት ገደማ በነበረው እርጥብ ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። ያኔ የሸለቆው ወለል የዛሬው ዓይነት ነበር ብሎ መገመት አይቻልም። በቀዝቃዛው ዘመን ደግሞ በባሌ ተራሮች አናት ላይ ግግር በረዶ ነበር። ስለዚህ በሩ አንዴ ተዘግቶ የቀረ ሳይሆን ሲከፈት ሲዘጋ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ የምትፈትነውም ይህንን ነው።

ሦስተኛውን ለኮሶ_ሥር እተወዋለሁ፤ ዝርያው ላይ የሚለው አይጠፋም።

ኮሶ_ሥር
አለኝ እንጂ። ቦንጋ ላይ የምትይዘው ነጭ ዓይን ወንዶ ገነት ላይ ከምትይዘው ጋር አንድ ዝርያ ስለመሆኑ ማን ነገረህ? የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ሆዱ ቢጫ ነው፤ የሌላው ሆድ ወደ ግራጫ ነጭ ያደላል። ቢጫውን ኖይማን በ1902 እ.ኤ.አ. ካፌንሲስ ብሎ መዝግቦታል፤ ዛሬ አንዳንድ ዓለም አቀፍ የወፍ ዝርዝሮች ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው ይቆጥሩታል። ያንተ ዕቅድ እንግዲህ ሁለት ዝርያ አወዳድሮ «ስምጥ ሸለቆው ለያየ» ሊል ነው።

ነጭ ዓይኖች በአጠቃላይ በመልክ የሚታመኑ ወፎች አይደሉም። በኬንያና በታንዛኒያ ተራሮች ላይ አንድ ዝርያ ተብለው የቆዩት ደገኞች ዲኤንኤያቸው ሲታይ የቅርብ ዘመዳሞች አልነበሩም፤ ተራራ ላይ መኖር ተመሳሳይ መልክ ሰጥቷቸው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በሸለቆው ደረቅ ቁጥቋጦ የሚኖር የቆላ ነጭ ዓይን አለ። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በጠርዙ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዷ ወፍ ጉሮሮ፣ ሆድ፣ የዓይን ቀለበትና ግንባር በፎቶ ይያዝ፤ የፎቶው ቁጥርና የቲዩቡ ቁጥር አንድ ይሁን።

ምዕራቡን ከፈለግህ መናገሻ ሱባ ይሻልሃል። እዚያም ቢሆን ሆዱን ሳታይ አትመዝግብ።

ታቦር_ግርጌ
ተቀብያለሁ። ዝርያውን ልቀይር ወይስ ቦታውን ብቻ? ጥያቄው ራሱስ ሌሎች ጨርሰው መልሰውት ይሆን?

ሐሩር
ግማሹ ተመልሷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የሙሉ ጂኖም ጥናት የኢትዮጵያ ደጋ ደን ስድስት ወፎችን ከሸለቆው ግራና ቀኝ አወዳድሯል። በስድስቱም ላይ ልዩነት ተገኝቷል፤ መጠኑ ግን አንዱ ዝርያ ከሌላው አይገናኝም። ርቆ የመሄድ አቅሙ ያነሰው በብዛት ተለያይቷል፤ ያለፈው የብዛታቸው ታሪክም በየዝርያውና በየወገኑ ሌላ ሌላ ነው። ማለት «ሸለቆው ወፎችን ለያይቷል ወይ» የሚል ደረቅ ጥያቄ ይዘህ ብትገባ የምታመጣው አዲስ ነገር ጥቂት ነው።

አንተ ልትጨምር የምትችለው ከጠርዝ ላይ ነው። ሐዋሳ ተቀምጠህ ሌላው የሌለው ዕድል አለህ፤ በሸለቆው ዳርና ዳር የቀሩትን ትንንሽ የደን ቁራጮች፣ የሲዳማንና የጌዴኦን የቡናና የእንሰት ጓሮ በቀላሉ ትደርስበታለህ። በእነዚህ ቦታዎች ያለችው ወፍ ከየትኛው ወገን ጋር ትዛመዳለች? ወይስ ቅልቅል ናት? ሁለት ዝርያ ጎን ለጎን ብትይዝ ደግሞ ይበልጣል፤ አንዱ እንደ ነጭ ዓይን በመንጋ ሆኖ ከዛፍ ጫፍ ዛፍ ጫፍ የሚሻገር፣ ሌላው እንደ አቢሲኒያ ካትበርድ በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሽሎከለክ። በአንድ መልክዓ ምድር የሁለቱ ውጤት ከተለያየ ምክንያቱ ወፉ እንጂ መሬቱ ብቻ አይደለም።

የክንፉን ቅርጽ እዚያው መረብ ላይ ለካ፤ መሣሪያው ማስመሪያ ብቻ ነው። የታጠፈውን ክንፍ ርዝመት፣ ቀጥሎ ከመጀመሪያዋ የውስጥ ላባ ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ ያለውን ርቀት። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለህ በ100 ታባዛለህ። ክንፉ 60 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 9 ሚሊ ሜትር ከሆነ 15 ነው። ቁጥሩ ባነሰ ክንፉ ክብ ነው፤ ክብ ክንፍ ያለው ሩቅ አይሄድም። ልኬቱ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ሁለት ሰው ሲለካ የሚመጣው ልዩነት ከወፎቹ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ብዛት፦ በየወገኑ ቢያንስ 3 ቦታ፣ በየቦታው 8 ወፍ። 48 ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠሩ ስኒፖች (በአንድ ፊደል ልዩነት የሚታይባቸው የጂኖም ቦታዎች) ካሉህ ከ8 ወደ 20 ማሳደጉ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ቦታ መጨመር ግን ብዙ ይጨምራል። ዳሞታ ላይ የተረፈው ደን ትንሽ ስለሆነ መረብ ከመሸከምህ በፊት የመረጥካቸው ዝርያዎች መኖራቸውን በጆሮና በዓይን አረጋግጥ።

ጋሽ_ቀርከሃ
ልጄ፣ ስለ ትንተናው እነሱ ይነግሩሃል። ወፏ በሕይወት ካልተመለሰች ግን ጥናቱ ምን ሊረባ።

መረቡ 12 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ ዓይኑ 16 ሚሊ ሜትር፣ ኪሱ 4 ይሁን። ለነጭ ዓይንም ለካትበርድም ይሆናል። ምሰሶው ቀርከሃ ይበቃል፤ አንጓውን ግን በቢላ ላጨውና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው፣ አለዚያ ክሩን ይይዛል። ኪሱ ከተወጠረ ወፏ ነጥራ ትሄዳለች፣ ከላላ ደግሞ ተጠቅልላ ለመፍታት ሩብ ሰዓት ትፈጃለች። የታችኛው ኪስ ወፍ ገብቶበት እንኳ መሬት መንካት የለበትም። የሚፈራው ጤዛው ብቻ አይደለም፤ ጉንዳን ነው። በወንዶ ገነትም በሐረናም የጉንዳን መንገድ ያለበት ቦታ መረብ አይዘረጋም፤ ጉንዳን መረብ ውስጥ ያለች ወፍ ካገኘ ለወሬ ነጋሪ አያስተርፋትም። የከብት መሄጃም እንዲሁ፤ አንድ በሬ 12 ሜትር መረብ ይዞ ይሄዳል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ ክፈት። በየ20 ደቂቃው ተመላለስ፤ ዝናብ ወይም ነፋስ ሲጀምር ወዲያው ዝጋ። «አሁን ያባራል» እያልክ አትጠብቅ፤ የረጠበች 10 ግራም ወፍ በቅጽበት ትቀዘቅዛለች። ከረጢቱ ከአቡጀዲ ይሰፋ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ይገልበጥ፤ የውስጥ ክር ጥፍሯን ይይዛታል። አንድ ወፍ በአንድ ከረጢት፣ በየቀኑ ይታጠብ።

ስትይዛት አንገቷን በጠቋሚና በመሃል ጣትህ መካከል አድርግ፣ ደረቷን አትጫን። ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳች እየጣለች ነው፤ የታፈነች ወፍ አትጮህም፣ ዝም ብላ ትሞታለች። አፏን ከፍታ ካለከለከች ልቀቃት፣ ናሙናው ይቅርብህ።

የድምፅ ቅጂ አጫውተህ መጥራትን በተመለከተ፦ ይሠራል፣ ነገር ግን ድንበሩን የሚጠብቀውን ነው የሚያመጣልህ። አብዛኛው ናሙናህ ወንድ ይሆናል፤ ይህ በትንተና ላይ ምን እንደሚያመጣ ሐሩር ይንገርህ።

ታቦር_ግርጌ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የጉንዳኑን ነገር የትም አላነበብኩም ነበር። እርስዎ ያሉትን በሙሉ ወደ ፕሮቶኮሉ አስገባዋለሁ።

ፒፔት
ደም ላይ እኔ ልቀጥል። «ደም በአልኮል» ብለህ አልፈሃል፤ አብዛኛው ናሙና የሚበላሸው እዚህ ነው።

መርፌው 27 ቁጥር። በክንፏ ክርን ላይ የሚያልፈውን የደም ሥር ወጋ ማድረግ ብቻ ነው፤ በዚህች ትንሽ ወፍ ላይ በሲሪንጅ አይሳብም። የሚወጣውን ጠብታ በካፒላሪ (በቀጭን የመስታወት ቱቦ) ትቀበላለህ። ወሰኑ የክብደቷ 1 በመቶ ነው፤ 10 ግራም ከሆነች 100 ማይክሮ ሊትር ማለት ነው። የሚያስፈልግህ ግን 20 ወይም 30 ብቻ ነው፣ አትስገብገብ። ከዚያ ጥጥ ለ1 ደቂቃ፤ ደሙ ቀጥ ሳይል አትለቀቅም።

የካፒላሪው ቀለም ላይ ዓይንህን ጣል አድርግ። በሕክምና ዕቃ መደብር በብዛት የሚገኘው ቀይ ቀለበት ያለው ነው፤ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ተቀብቷል፣ ሄፓሪን ደግሞ ፒሲአርን (ዲኤንኤ የማባዣውን ዘዴ) ይገድላል። ሰማያዊ ቀለበት ያለውን፣ ባዶውን ግዛ።

አልኮሉም እንደዚሁ። ከፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ነው፤ 30 በመቶ ውኃ ውስጥ ዲኤንኤ ለወራት አይቀመጥም። ማቃጠያ ስፒሪት ጭራሽ አይታሰብ። 96 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ንጹሕ ኤታኖል ከላብራቶሪ አቅራቢ ይፈለግ። ደሙ 1 እጅ፣ ኤታኖሉ ቢያንስ 10 እጅ፤ ጠብታው እንደገባ ወዲያው ይናወጥ። ሳይናወጥ ከቆየ ውጭው ጠንክሮ ውስጡ ያልደረቀ ጓል ይሆናል፣ ውስጡ ይበሰብሳል።

እንደ እኔ ከኤታኖል ይልቅ የኩዊንስ ሊሲስ በፈር (ሴሉን አፍርሶ ዲኤንኤውን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ይመረጣል፤ በክፍል ሙቀት ይቆያል፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። 100 ሚሊ ሊትር ለመሥራት፦ ትሪስ ቤዝ 0.121 ግራም፣ የገበታ ሳይሆን የላብራቶሪ ሶዲየም ክሎራይድ 0.058 ግራም፣ ባለ ሁለት ውኃ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ 0.372 ግራም፣ ሎሪል ሳርኮሲን 1 ግራም። ፒኤች 8። ኢዲቲኤው አልሟሟ ብሎ ታች ከተቀመጠ ፒኤቹ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ ነው፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ጨምር እንጂ አታፍላ። ሳርኮሲኑ አረፋ ስለሚያወጣ መጨረሻ ላይ ይግባ። በ1 ሚሊ ሊትር በፈር 30 ማይክሮ ሊትር ደም። ተዝለግልጎ ጄሊ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ ዲኤንኤው ነው።

ጄሊውን ወደ ኮለም (ዲኤንኤውን ወደሚለየው ማጣሪያ) ስትወስድ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። የወፍ ቀይ የደም ሴል ኒውክሊየስ አለው፤ የሰው የለውም። ለሰው ደም የተጻፈውን መመሪያ ይዞ 200 ማይክሮ ሊትር የሚያስገባ ሰው ኮለሙን ይደፍነዋል፣ ከዚያም «ኪቱ ተበላሽቷል» ይላል። 5 ወይም 10 ማይክሮ ሊትር ደም ይበቃል።

አሞራ_ገደል
ይቅርታ፣ በዳር ልግባና፤ ለምን ቱራኮ አይሆንም? ነጭ ጉንጩ ወንዶ ገነት ሞልቷል፣ ወድቆ የሚለቀም ላባም አለው፣ መረብ አያስፈልግም።

ኮሶ_ሥር
ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ «ለሌላ ጥናት» ነው።

ቱራኮ የጫፍ ወፍ ስለሆነ በ2.5 ሜትር መረብ አይያዝም፤ ስለዚህ ላባ ብቻ ይቀርሃል። ከላባ የሚወጣው ዲኤንኤ ጥቂትና የተቆራረጠ ነው፤ ለማይቶኮንድሪያና ለጥቂት ምልክቶች እንጂ ለሙሉ ጂኖም አስተማማኝ አይደለም። ከሞከርክ የላባውን የታች ጫፍ ሳይሆን በላባው ግንድ ላይ ያለችውን የረጋች የደም ነጥብ ቁረጥ፤ ከጫፉ ይልቅ እሷ ትሰጣለች። ላባ ኬራቲን ስለሆነ ፕሮቲኔዝ ኬ ብቻውን አይፈታውም፤ ኬራቲኑን የሚያላላውን ዲቲቲ ጨምረህ በ56 ዲግሪ ሌሊቱን ይደር። ቀዩን ክፍል ወደ ቲዩብ አታስገባ፤ ቀለሙ መዳብ ያለበት ፖርፊሪን ነው፣ በአልካሊ ይሟሟል፣ ከዲኤንኤው ጋር አብሮህ ይመጣል። ሌላው ችግር አንድ ወፍ ከአንድ በላይ ላባ መጣሏ ነው፤ 12 ላባ ለቅመህ የ5 ወፍ ናሙና ይዘህ ልትገኝ ትችላለህ።

ቱራኮ የሚያጓጓው ሌላ ቦታ ነው። በደቡብ በነገሌ ቦረና አካባቢ የሩስፖሊ ቱራኮ አለ። ልዑል ሩስፖሊ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገድሎት ሲሞት ወፉ በዕቃው ውስጥ ተገኘ፤ ከየት እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረበትም፣ በ1896 እ.ኤ.አ. ተሰየመ፣ ከዚያ እንደገና እስኪገኝ አሥርተ ዓመታት አለፉ። ዛሬ ከነጭ ጉንጩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዲቃሎች ታይተዋል። የቅርብ ጊዜ የዘረመል ሥራ ሁለቱን ከሌሎቹ አረንጓዴ ቱራኮዎች ለይቶ በምኒልክ ስም በተጠራ ወገን፣ ሜኔሊኮርኒስ፣ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ እዚያ ያለው ጥያቄ የሸለቆ ሳይሆን የመዳቀል ነው። በማይቶኮንድሪያ ብቻ ደግሞ አይመለስም፤ ማይቶኮንድሪያ የእናትን ብቻ ስለሚነግርህ ዲቃላው ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ታቦር_ግርጌ
ቱራኮው ይቆየን። አቅሙ የሚፈቅደው ይህ ነው፦ ለ48ቱም ማይቶኮንድሪያ፣ ከዚያ ውስጥ ለ16 ሙሉ ጂኖም። በዚህ ልሂድ?

ፒፔት
ለማይቶኮንድሪያው ኤንዲ2 ጂንን ውሰድ፤ 1041 ፊደል ነው፣ በሁለት ንባብ ይሸፈናል። ሳይቶክሮም ቢን ጨምርበት፤ 1143 ነው፣ የፍጥነት መለኪያው የተሻለ የተጠናው ለእሱ ነው።

ደም ስለተጠቀምክ አንድ አደጋ አለ። የወፍ ደም ኒውክሊየሱ ብዙ፣ ማይቶኮንድሪያው ጥቂት ነው። ድሮ ወደ ኒውክሊየስ ተገልብጠው የቀሩ የማይቶኮንድሪያ ቅጂዎች ደግሞ አሉ፤ ፕራይመሩ (የሚባዛውን ጂን ፈልጎ የሚይዘው አጭር ዲኤንኤ) እነሱን ሊይዝ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በአንድ ቦታ ሁለት ጫፍ ያለው ንባብ፣ በጂኑ መሃል ማቆሚያ ኮዶን (የፕሮቲኑ መጨረሻ ምልክት)፣ ከቀሪው ናሙና በጣም የራቀች አንዲት ወፍ። ነገር ግን ማቆሚያ ኮዶን አየሁ ብለህ ከመደንገጥህ በፊት ፕሮግራሙ በየትኛው ኮድ እየተረጎመ እንደሆነ እይ። በጀርባ አጥንት እንስሳት ማይቶኮንድሪያ ቲጂኤ ትሪፕቶፋን ነው፣ ማቆሚያ አይደለም። በመደበኛው ኮድ ከተረጎምክ ደህናው ንባብ ሁሉ የተበላሸ ይመስልሃል።

ጾታውንም በፒሲአር አውጣ፤ በእነዚህ ዝርያዎች ወንድና ሴት በመልክ አይለይም። ሲኤችዲ ጂን፣ ፒ2 እና ፒ8 ፕራይመሮች። አንድ መስመር ከሆነ ወንድ፣ ሁለት ከሆነ ሴት። ሁለቱ መስመሮች በ1.5 በመቶ አጋሮዝ (ዲኤንኤን በርዝመት የሚለይ ጄል) ላይ አንድ መስለው ከታዩህ አጋሮዙን ወደ 3 በመቶ ከፍ አድርገህ ረዘም ላለ ጊዜ አስኪደው።

ሐሩር
16ቱ ጂኖም ይበቃል፤ አከፋፈሉ ግን ይታሰብበት። 8 ምሥራቅ 8 ምዕራብ ካልክ ጠርዙን ረሳኸው። 5 ከምሥራቅ፣ 5 ከምዕራብ፣ 6 ከጠርዝ ቁራጮች።

ወደ ማስነበቢያው ስትልክ የምሥራቁን በአንድ ሌን (በማሽኑ አንድ የንባብ መስመር)፣ የምዕራቡን በሌላ ሌን አታስቀምጥ፤ ዘወትር የሚታይ ጥፋት ነው። የማሽኑ ልዩነት የሸለቆ ልዩነት መስሎ ይወጣል፣ ፒሲኤው (ናሙናዎችን በዘረመል ቅርበታቸው የሚያሳየው ግራፍ) ላይ ደግሞ በጣም ያምራል። ሲወጣም፣ ሲሰየምም፣ ሲነበብም ቦታዎቹ ተደባልቀው ይግቡ።

ዳታው ከመጣ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል። በቅድሚያ ዘመድ አጣራ፦ ነጭ ዓይን በመንጋ ስለምትሄድ አንድ መረብ እናትና ልጅ ይይዛል። ኪንግ በተባለው ፕሮግራም የተሰላው ዝምድና ከ0.177 በላይ ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ዘመድ ነው፤ ከጥንዱ አንዱ ይውጣ። ካላወጣህ አድሚክስቸር (ወፎቹን በዘረመል ቡድን የሚመድበው ፕሮግራም) ቤተሰቡን እንደ ሕዝብ ይቆጥርልሃል። ቀጥሎ የጾታ ክሮሞሶም የሆነውን ዜድን ለይ። ጋሽ_ቀርከሃ ያሉት የወንድ መብዛት የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው፤ ሴት አንድ ዜድ፣ ወንድ ሁለት ዜድ ስላላቸው አንዱ ቦታ በወንድ ከተሞላ ልዩነቱ የጾታ ሆኖ የቦታ ይመስላል። ከዚያ ተያይዘው የሚወረሱ ስኒፖችን አሳሳ። ኬ (የቡድኖቹ ብዛት) ስንት ነው እያልክ አትጨነቅ፤ ከኬ 2 እስከ ኬ 5 ያለውን ሁሉ አሳይ። ርቀትና ሸለቆን በአንድ ሞዴል አብረህ አስገባ፤ ለየብቻ ከፈተንካቸው ሁለቱም «ትርጉም ያለው» ሆነው ይወጣሉ።

ዘመኑን በተመለከተ፦ ለወፎች ሳይቶክሮም ቢ በስፋት የሚሠራበት ፍጥነት በሁለት መስመር መካከል በሚሊዮን ዓመት 2.1 በመቶ ነው። ለምሳሌ በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው አማካይ ልዩነት 0.6 በመቶ ቢሆን ያለ ማስተካከያ 286,000 ዓመት ይሰጣል። ይህ ግን የጂኑ ዕድሜ እንጂ የሕዝቡ መለያየት አይደለም፤ ሳይለያዩም በፊት ውስጣቸው ልዩነት ነበረ። በየወገኑ ውስጥ ያለው አማካይ ልዩነት 0.2 በመቶ ከሆነ ያንን ትቀንሳለህ፤ 0.4 ለ2.1፣ 190,000 ዓመት ገደማ። ወደ መቶ ሺህ ዓመት በሚጠጋ የሚያሳስት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ኤፍኤስቲን ወስዶ «በየትውልዱ ይህን ያህል ወፍ ይሻገራል» ማለትም አይገባም። ቀመሩ አለ፤ 0.1 ብታስገባ 2.25 ይሰጥሃል። የሚሰጥህ ግን ሁሉም ሕዝብ እኩል ሆኖ ለረጅም ዘመን ሳይለዋወጥ ኖሯል በሚል ግምት ነው። በረዶና ዝናብ ሲፈራረቅ በኖረ አገር ላይ ይህ ግምት አይሠራም።

ታዛቢ
ይህ ሁሉ የጥንቱን ነው። ያሁኑ የደን መመናመንስ? ጂኖሙ ላይ ይታያል ካላችሁ እሺ፣ አለዚያ ለገበሬውም ለደን ጠባቂውም ምን ይጠቅመዋል?

ሐሩር
በየትኛው መሣሪያ እንደምታየው ይወሰናል። ፒኤስኤምሲ የተባለው የስሌት ዘዴ ከአንድ ወፍ ጂኖም የብዛትን ታሪክ ያወጣል፤ ነገር ግን ለቅርቡ 10 ወይም 20 ሺህ ዓመት ዕውር ነው። በፒኤስኤምሲ ግራፍ ላይ የመጨረሻዋን ቁልቁለት ጠቁሞ «ይኸው የደን ጭፍጨፋው» የሚል ሰው ካየህ አትመነው። ንባቡም ቢያንስ 18 እጥፍ ሽፋን (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 18 ጊዜ መነበብ) ይፈልጋል፤ ባነሰ ሽፋን ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መስለው ብዛቱ ያነሰ ይመስላል። ሌላም አለ፦ ሁለት ሕዝብ ሲነጣጠል ብቻ፣ አንድም ወፍ ሳይቀንስ፣ ግራፉ ብዛት የጨመረ ሊያስመስል ይችላል። የሚውቴሽን ፍጥነቱ ላይ ደግሞ በሌላ የደን ወፍ፣ በባለ አንገት ሐብል ዝንብ ያዧ ላይ፣ የተለካውን 4.6 በ10 ቢሊዮን ሳይሆን 4.6 በ1 ቢሊዮን በየትውልዱ መሆኑን ልብ በል፤ አንድ ዜሮ ስትሳሳት ዘመኑ አሥር እጥፍ ይሸሻል።

የቅርቡን የሚያሳየው በጂኖሙ ላይ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ሆነው የሚገኙበት ርዝመት ነው። ዘመዳሞች የተዋለዱት ከ10 ትውልድ በፊት ከሆነ የቁራጩ አማካይ ርዝመት 5 ሴንቲሞርጋን (የጂኖም ርዝመት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ከ50 ትውልድ በፊት ከሆነ 1 ገደማ። በትንንሾቹ የጠርዝ ደኖች ያሉት ወፎች ረጃጅም ቁራጭ ከያዙ፣ በሐረና ያሉት ካልያዙ፣ ያ የተነጠለ ደን ምልክት ነው። የቡና ጓሮው መሻገሪያ ሆኖ እያገለገለ ከሆነ ደግሞ በጓሮው አጠገብ ያለው ደን ከሌላው ትንሽ ደን ያነሰ ርዝመት ያሳያል። ለደን ጠባቂው የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የትኛውን ጓሮ እንደ መንገድ መጠበቅ እንዳለበት።

አስተባባሪ
ፈቃዱን ማንም አላነሳም፤ መረብ ከመግዛት በፊት ነው የሚጀመረው። ወፍ ለመያዝ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን። ደሙ የዘረመል ሀብት ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት። ናሙናው ወይም ዲኤንኤው ለንባብ ከአገር የሚወጣ ከሆነ የማስተላለፊያ ስምምነቱ ከመውጣቱ በፊት ይፈረማል፤ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወረቀት የሚያስተካክል የለም። የክልልና የወረዳ ደብዳቤ ደግሞ ለየቦታው ለየብቻ ይያዝ፤ 6 ቦታ ከሆነ 6 ደብዳቤ። ቱራኮን የሚያስብ ካለ፣ ሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ 2 ውስጥ ስለሆነ ላባም ቢሆን ያለ ሳይተስ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

ታቦር_ግርጌ
አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ለፒፔት፦ በኤታኖል የያዝኩት መጠባበቂያ ካለ በአውሮፕላን እንዴት ይሄዳል? ቲዩቡ ላይስ በምን ልጻፍ?

ፒፔት
በአንድ ቲዩብ ከ30 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ካርቶን በጠቅላላ ከ1 ሊትር አይብለጥ፤ ለናሙና የተፈቀደው ልዩ ድንጋጌ ይህ ነው፣ ቁጥሩ ኤ180። በድርብ የታሸገ ፕላስቲክና ፈሳሽ የሚመጥ ነገር ይኑረው። ያንተ ቲዩብ 1.5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ አይከብድህም።

መጻፉ፦ ማርከር በኤታኖል ይለቃል፣ «አይለቅም» የሚል ቢጻፍበትም። በእርሳስ በትንሽ ወፍራም ወረቀት ጽፈህ ወረቀቱን ቲዩቡ ውስጥ ክተተው። ክዳኑ ላይም ጻፍ፣ ጎኑ ላይም ጻፍ። ክዳን ብቻ አትመን፤ ክዳኖች ይቀያየራሉ።

ጋሽ_ቀርከሃ
ቀኑን ስትጽፍ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብረህ ጻፍ። 2017 ብቻ የተጻፈበት ቲዩብ ከአሥር ዓመት በኋላ የማን 2017 እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።